ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የከተማ አውቶቡስ ስምሪት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሕዝብ ትራንስፖርት ዘርፍ፣ በስምሪት ክፍል ነው። መሥሪያ ቤታችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዝ የስምሪት ሥርዓት ለመግዛት አስቧል። በቅርቡ በወሰድነው ሥልጠና ደግሞ ስለ ተቋማዊ ቅልጥፍና ብዙ ተነግሮናል። እውነት እነዚህ ሁለት ነገሮች ሰልፉን ሊያሳጥሩት ይችላሉ? ከሆነስ ከየት እንጀምር?»

ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። አዎ፣ ሊያሳጥሩት ይችላሉ። ሁለቱን ለየብቻ ከያዛችኋቸው ግን ገንዘቡም ድካሙም ይባክናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለስምሪት የሚሰጠው ጥቅም በደቂቃ የሚለካ ነው። «ይህ አውቶቡስ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከፊቱ ያለውን ይደርስበታል» ይላል፤ «ዛሬ ማታ ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደው ሰው ከወትሮው ይበዛል» ይላል። ይህን የሰማው ሰው ወዲያው እርምጃ መውሰድ ካልቻለ፣ ጉዳዩ በደብዳቤ ወደ ላይ ወጥቶ በደብዳቤ የሚወርድ ከሆነ፣ የትንበያው ትክክል መሆን ለተሳፋሪው የሚጨምርለት ነገር የለም። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ መረጃው የሚደርሰው ሠራተኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ምን ማድረግ ይችላል?

ይህን በቅርብ ለማየት አንድ መስመር እንውሰድ። በሰዓት 6 አውቶቡስ፣ ማለትም በየ10 ደቂቃው አንድ የሚነሳበት መስመር ነው። አውቶቡሶቹ ርቀታቸውን ጠብቀው ቢመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ፌርማታ የሚወጣ ተሳፋሪ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን አንደኛውን አውቶቡስ መብራት ያዘው እንበል። 2 ደቂቃ ዘግይቶ ቀጣዩ ፌርማታ ሲደርስ በእነዚያ 2 ደቂቃዎች የተጨመረውን ሰው ያገኛል። ያንን ሰው እስኪጭን ይበልጥ ይዘገያል፣ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ደግሞ ከዚያም የበዛ ሰው ይጠብቀዋል። ከኋላው የሚመጣው አውቶቡስ በተቃራኒው ፌርማታው ባዶ ሆኖ ስለሚያገኘው ይፈጥናል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የፊተኛው በሩ አልዘጋ ብሎት፣ የኋለኛው ወንበሩ ሳይሞላ። ኒዌልና ፖትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ አሳይተውታል። ሹፌሩ ስላጠፋ የሚመጣ ነገር አይደለም። ማንም ካልተቆጣጠረው ማንኛውም የአውቶቡስ መስመር በራሱ ጊዜ ወደዚያ ያመራል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አውቶቡስ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ከ18 ደቂቃ ክፍተት በኋላ፣ ሁለተኛው ከ2 ደቂቃ በኋላ። ከ10 ተሳፋሪ 9ኙ ፌርማታ የሚደርሱት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለፊተኛው አውቶቡስ 9 ሰው ሲደርሰው ለኋለኛው 1 ብቻ ይቀረዋል። አማካይ ጥበቃው ከ5 ወደ 8 ደቂቃ ከፍ ይላል፤ ፊተኛው ሞልቶ ጥሎት የሚሄደው ሰው ሳይቆጠር። የነዳጁ ወጪ ያው ነው፣ የሹፌሩም ደመወዝ ያው ነው። ለአለቃ የሚቀርበው ሪፖርት «በሰዓት 6 አውቶቡስ ተሠማርቷል» ቢል ልክ ነው፤ ፌርማታ ላይ የቆመችው እናት «አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም» ብትልም ልክ ናት። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት የምንለካው የወጣውን አውቶቡስ ስለሆነ ነው፤ የጠበቀውን ሰው አንለካም።

ሶፍትዌሩ እዚህ ላይ በእርግጥ ይረዳል። ከጂፒኤስ የሚመጣውን የእያንዳንዱን አውቶቡስ ቦታ ይይዛል፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓትና በዚያ ዓይነት ዝናብ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደፈጀ ከመዝገቡ ይማራል፣ ከዚያም የትኞቹ ሁለት አውቶቡሶች ሊደራረቡ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። አስቀድሞ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ልዩነቱ ገና 2 ደቂቃ ሳለ አንዱን አውቶቡስ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ሁለቱ አንዴ ከተጣበቁ በኋላ ግን ለማለያየት ወይ ረጅም ጊዜ ማቆም ነው ወይ አንዱን ከመንገድ መመለስ ነው፤ ሁለቱም ተሳፋሪን ያስቆጣሉ።

አሁን መነሻው ላይ የቆመውን የስምሪት ሠራተኛ አስቡት። በእጁ ያለው ታብሌት «ይህን አውቶቡስ 3 ደቂቃ አቆየው» ይለዋል። ሹፌሩ የሚገመገመው በቀን በሠራው ምልልስ ብዛት ከሆነ፣ በየዙሩ 3 ደቂቃ በተያዘ ቁጥር የማታዋ ምልልስ ታመልጠዋለች። ሠራተኛው ራሱ ማታ የሚጠየቀው «ስንት አወጣህ?» ተብሎ ነው። ውስጥ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ደግሞ «ምን ይጠብቃል፣ አይሄድም እንዴ!» እያሉ ነው። ሦስቱም ወገኖች አውቶቡሱ አሁኑኑ እንዲነሳ ይፈልጋሉ፤ እንዲቆይ የሚፈልጉት ከስድስት ፌርማታ በኋላ ያሉ፣ እዚያ የማይታዩ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ የተገዛ ሥርዓት በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይከፍተውም። ሠራተኛውን «ቴክኖሎጂ ይጠላል» ብሎ መውቀስም ግፍ ነው፣ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ ራሱ በመለኪያው በኩል አትጠቀምበት ብሎታል። ተቋማዊ ቅልጥፍና ስል እንግዲህ ይህን ማለቴ ነው፦ መለኪያውን መቀየር፣ ሥልጣኑን መረጃው ወዳለበት ማውረድ፣ የተሳሳተውን ቶሎ ማረም። ስብሰባን ማሳጠር ወይም አዲስ መዋቅር መሥራት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

ሁለቱ ሲለያዩ የሚደርሰውን ለማየት የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎን የሚያህል ምሳሌ የለኝም። ቀድሞ ከተማዋን ያገለግሉ የነበሩት ቢጫ አውቶቡሶች በብዙ ትንንሽ ባለንብረቶች እጅ ነበሩ። ሹፌሩ ገቢው በጫነው ሰው ልክ ስለነበር ለአንድ ተሳፋሪ ሁለት አውቶቡስ ይሽቀዳደማል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መንግሥት ይህን ለማስቀረት የከተማዋን መስመሮች በሙሉ በኮምፒዩተር ሞዴል አስልቶ እንደ አዲስ ነደፈ። ዋና መስመርና መጋቢ መስመር ተለየ፣ ክፍያው በካርድ ሆነ፣ አውቶቡሶቹን በጂፒኤስ የሚከታተል ሥርዓት ታቀደ። ትራንሳንቲያጎ የተባለው ይህ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲታይ በጣም ያማረ ነበር።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2007 ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተቀየረ። የክትትል ሥርዓቱ ግን ለሥራ አልደረሰም ነበር። ሞዴሉ ይበቃል ያለው የአውቶቡስ ቁጥርም አልበቃም። ለኩባንያዎቹ የሚከፈለው ገንዘብ ከጫኑት ሰው ብዛት ጋር እምብዛም ስለማይያያዝ አውቶቡስ በሰዓቱ እንዲያወጡ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ለዓመታት የለመደው መስመር በአንድ ሌሊት ጠፍቶበት ወደ ሜትሮው ጎረፈ፣ ሜትሮውም ከአቅሙ በላይ ታፈነ። በቀጣዩ ወር ፕሬዚዳንት ሚሼል ባችሌት ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አውቶቡስ ተጨመረ፣ መስመሮች ተስተካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ውሎቹ ተሻሽለው ክፍያው ከተሳፋሪ ቁጥር ጋር ይበልጥ እንዲያያዝ ተደረገ። ሞዴሉ ስሕተት መሥራቱ አያስገርመኝም፣ ሞዴል ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይስታል። የሚያሳዝነው ስሕተቱን ቀድሞ የሚያሳይ ትንሽ ሙከራ አለመኖሩ ነው። አንድ አካባቢ ላይ ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ፣ አውቶቡስ ማነሱም ክፍያው መዛባቱም በጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ታይቶ በታረመ ነበር፤ የሳንቲያጎ ባለሥልጣናት ግን ስድስት ሚሊዮን በሚደርስ ሕዝብ ላይ ነው የተማሩት።

የአሜሪካዋ ከተማ የቦስተን ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ስሌቱ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የተማሪ አውቶቡስ መስመሮቻቸውን ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ተመራማሪዎች ስልተ ቀመር (አልጎሪዝም) ነደፉ። ከበፊቱ በ50 ያነሱ አውቶቡሶች በቁ፣ ቁጠባውም በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ይህ ትልቅ ስኬት ነው። በዚያው ተበረታተው የትምህርት መጀመሪያ ሰዓቶችን ጭምር በስሌት ቀየሩ፣ በዲሴምበርም ይፋ አደረጉ። የአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሰዓት ስለተቀየረ፣ ልጅ አድርሶ ሥራ የሚገባ ወላጅ ሁሉ በተቃውሞ ተነሳ። ዕቅዱ በሳምንታት ውስጥ ተሰረዘ። የመስመሩን ስሌት ተሳፋሪው አያየውም፣ የሰዓቱ ስሌት ግን ቤቱ ውስጥ ገባበት። እዚህም ሥርዓቱ ፌርማታ ሲያነሳ ወይም የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ሲቀይር ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሥራ የምትወጣ የምግብ ቤት ሠራተኛ በመረጃው ውስጥ ከብዙ ሺህ አንድ ነጥብ ብቻ ናት፣ ያቺ አንዲት አውቶቡስ ከቀረች ግን ሥራዋን ልትለቅ ትችላለች።

አሁን ወደ ሚኒባሶቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም በከተማችን ሞተር ባለው ተሽከርካሪ ከሚጓዘው ሕዝብ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ያልነካ ዕቅድ የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ሊባል አይገባውም። ሚኒባሱ ታፔላ ቢኖረውም የሹፌሩ ኑሮ የተመሠረተው ለባለንብረቱ በቀን በሚያስገባው ገቢ ላይ ነው። ገቢውንና ነዳጁን ከሸፈነ በኋላ የሚተርፈው ለእሱና ለረዳቱ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ረጅሙን መስመር ሄዶ መመለስ ጊዜውን ይበላበታል። ስለዚህ መንገዱን ቆርጦ ይጭናል። ተሳፋሪው መሐል ላይ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል፣ ሁለቴ ይከፍላል፣ ሁለቴ ይሰለፋል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ሜክሲኮ ወይም መገናኛ አንድ ማታ ቆሞ ማየት ነው።

ለዚህ ችግር ትንበያ ማቅረብ ቀላል ነው። ቆርጦ የሚጫንበትን ሰዓትና ቦታ ማንኛውም ተራ አስከባሪ ያለ ኮምፒዩተር ይነግራችኋል። የጎደለው ሹፌሩ ረጅሙን መስመር ቢሄድ የማይጎዳበት አሠራር ነው። የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ በዚህ ረገድ ልትታይ የሚገባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንግኮት የሚባሉትን ትንንሽ ታክሲዎች ጃክሊንግኮ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ እያስገባች፣ የከተማዋ አውቶቡስ ድርጅት በሄዱት ኪሎ ሜትር ልክ ይከፍላቸዋል። የሚከፈለው በኪሎ ሜትር ከሆነ ሹፌሩ ታክሲው እስኪሞላ የሚቆምበት ወይም ትርፍ የሚጭንበት ምክንያት አይኖረውም። እንዲህ ያለው ክፍያ ሊሠራ የሚችለው ግን ኪሎ ሜትሩን ሁሉም ወገን የሚያምነው መሣሪያ ሲቆጥረው ነው፤ መንገድ የተቆረጠበትን ጉዞ ከሺህ ጉዞ መካከል ለይቶ የሚያወጣ ሥርዓትም ያስፈልጋል። ቴክኖሎጂው እዚህ ቦታው ይገኝለታል። ውሉ ይቀድማል፣ መሣሪያው ውሉን ያስከብራል። በዚህ ላይ ከታክሲ ማኅበራቱ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ መተማመን ላይ ሳይደረስ ጂፒኤስ ግጠሙ ብሎ ማዘዝ፣ መሣሪያው ተነቅሎ የሚጣልበትን ቀን መቁጠር ነው የሚሆነው።

«የሚኒባስ መረጃ እኮ የለንም» ትሉኝ ይሆናል። ናይሮቢም አልነበራትም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ተማሪዎቹን ስልክ አስይዞ ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች አሳፈራቸው፣ እየተሳፈሩም ከ130 በላይ መስመሮችን ከነፌርማታቸው መዘገቡ። ዲጂታል ማታቱስ የተባለው የዚህ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ይፋ ሆነ፣ ከዚያም በጉግል ካርታ ላይ ወጣ። የተጠቀሙበት ጂቲኤፍኤስ የሚባለው የመረጃ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅትና በጉግል ትብብር የተጀመረ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። ተማሪና ስልክ በእኛም ከተማ አለ። እንደኔ ቢሆን ተራ አስከባሪዎቹንም ከመጀመሪያው ቀን አስገባቸዋለሁ፣ ተከፍሏቸው። በየተርሚናሉ የስንት ሰዓት ሰልፍ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ የትኛው መስመር በየትኛው ቀን እንደሚጨናነቅ፣ ሰው ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ወዴት እንደሚበዛ ያውቃሉ። ይህ እውቀት ካልተመዘገበ ማሽኑ የሚማርበት ነገር የለውም።

ስለ ባቡሩ ጥቂት ልበል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ሻጮች ሲመጡ ከሚያሳዩት ነገር ሁሉ ያማረው «ብልሽትን አስቀድሞ የሚተነብይ ጥገና» ነው፤ ከመንኮራኩሩ ንዝረትና ሙቀት ተነስቶ «ይህ መንኮራኩር ከሦስት ሳምንት በላይ አይሄድም» ይላል። እውነትም ይቻላል። ነገር ግን መንኮራኩሩ የሚመጣው ከውጭ ከሆነ፣ ግዥው የጨረታና የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሦስት ሳምንት ማስጠንቀቂያ የሚያተርፈው ባቡሩ የሚቆምበትን ቀን ማወቅ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ተቋም የተሻለው ትንበያ የዓመት ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ስንት መንኮራኩር፣ ስንት ብሬክ፣ ስንት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ያልቃል የሚለው። ለዚያ ደግሞ በንጹሕ የተያዘ የጥገና መዝገብና ቅድሚያ የተፈረመ የአቅርቦት ውል ከማንኛውም ሴንሰር ይቀድማሉ። ኤሌክትሪክ አውቶቡሶች እየበዙ ሲሄዱ ይኸው ጉዳይ በባትሪ ተመልሶ ይመጣልና ከአሁኑ ይታሰብበት።

በስልክ ስለሚጠሩ፣ ቋሚ መስመር ስለሌላቸው ሚኒባሶችም ሊቀርብላችሁ ይችላል። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ኩትሱፕሉስ በሚል ስም ሞክራዋለች። ሶፍትዌሩ ጥሩ ነበር፣ ተሳፋሪውም ወዶት ነበር። 15 ሚኒባሶች ብቻ ይዞ ግን ለአንድ ጉዞ የሚወጣው ድጎማ በጣም ከበደ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ተዘጋ። ማለዳ ላይ መቶ ሰው በአንድ አቅጣጫ በሚሰለፍበት ከተማ እንዲህ ያለውን ነገር አላስቀድምም፤ መቶ ሰውን የሚያነሳው በሰዓቱ የሚመጣ ትልቅ አውቶቡስ ነው።

ከየት እንጀምር ላሉት፣ ከአንድ መስመር ጀምሩ። ጂፒኤስ በትክክል የሚሠራባቸው አውቶቡሶች ያሉበት፣ ሰልፍ የሚበዛበት፣ መነሻና መድረሻው ላይ ጠንካራ የስምሪት ሠራተኛ ያለበት መስመር ይሁን። የመጀመሪያውን ወር ምንም አትቀይሩ፣ ለኩ ብቻ። አውቶቡስ ከአውቶቡስ ያለው ክፍተት በየፌርማታው ስንት ነው፣ ሞልቶ ያለፈው ስንት ጊዜ ነው፣ ሰው ስንት ደቂቃ ቆመ። ይህን በወረቀትና በሰዓትም መያዝ ይቻላል። ከዚያ ለዚያ መስመር ብቻ የሹፌሩን የምልልስ መለኪያ አንሱና በቦታው ክፍተት የመጠበቅን መለኪያ አስገቡ፣ አበሉ ካለም ከዚያ ጋር ይያያዝ። ለስምሪት ሠራተኛው በጽሑፍ ሥልጣን ስጡት፦ አውቶቡስን እስከ 5 ደቂቃ ማቆየት፣ ከመሐል መመለስ፣ ተጠባባቂ አውቶቡስ ማስወጣት፤ አድርጎ ከዚያ ሪፖርት ያድርግ። በየሁለት ሳምንቱ ስምሪት፣ ጥገና፣ አይሲቲ፣ የሹፌሮች ተወካይና የትራፊክ ፖሊስ ተወካይ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቁጥሩን ይዩ፣ አንድ ነገር ይቀይሩ፣ በሚቀጥለው ሁለት ሳምንት ደግሞ ይመልከቱት። የመንገድ ሥራ ወይም በዓል መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ፌርማታው የት እንደተዛወረ ተሳፋሪው በዋዜማው የሚያውቅበትን መንገድም እዚያው ይወስኑ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፍተት መጠበቁ በቀላል ደንብ ብቻ ብዙ እንደሚሻሻል ታያላችሁ። «ከፊትህ ያለው ከወጣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ አትነሳ» የሚለው ደንብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፣ ይሠራል ግን። የሶፍትዌሩ ተራ የሚመጣው ይህ ደንብ የማይፈታው ነገር ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ ተጠባባቂው አውቶቡስ ከአምስት መስመር ለየትኛው ይሰጥ፣ ዝናብ ከጣለ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሰልፉ የት ይረዝማል የሚለው። ያን ጊዜ የምትገዙት ምን እንዲሠራላችሁ እንደሆነ አውቃችሁ ነው፣ ሻጩም በማሳያ ሊያታልላችሁ አይችልም።

ሁሉም ነገር ግን በሁለት ሳምንት ሙከራ የሚቀየር አይደለም። ብሬክና ጎማ፣ የሹፌር የዕረፍት ሰዓት፣ ታሪፍ፣ እነዚህ ላይ ሙከራ የለም። ስልተ ቀመሩ ክፍተቱን ለመሙላት ብሎ የሹፌሩን የምሳ ሰዓት እንዲያሸጋሽግ ከተፈቀደለት አንድ ቀን በአደጋ ይከፈላል። ትንበያው በስማርት ስልክ ብቻ የሚታይ ከሆነም ስልክ የሌላቸው አዛውንቶች፣ ማየት የተሳናቸው ወገኖች፣ ከገጠር የመጡ እንግዶች ከጥቅሙ ውጭ ይሆናሉ። ፌርማታው ላይ የሚነበብ ሰሌዳ፣ በአጭር ቁጥር የሚላክ መልእክት፣ በየቋንቋው የሚሰማ ድምፅ ከመጀመሪያው በበጀቱ ይያዙ። የተሳፋሪው መረጃ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ማን ከየት ተሳፍሮ የት እንደወረደ የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ በስምሪት ሠራተኛው ታብሌት ላይ በስልክ ቁጥር መታየት የለበትም። ስምሪት የሚፈልገው ብዛቱን ነው፣ ማንነቱን አይደለም። ሰው ቆጣሪ ካሜራ የሚያቀርብ ሻጭ ሲመጣም ፊት ሳይዝ የሚቆጥር መሆኑን አረጋግጡ።

ወደ ግዥው ስትገቡ ውሉ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ። ከአውቶቡሶቹ የሚሰበሰበው መረጃ በሙሉ የከተማዋ ንብረት እንደሆነ፣ ውሉ ሲያልቅም በታወቀ ቅርጽ፣ በጂቲኤፍኤስም ጭምር፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚመለስ። የስምሪት ሠራተኛው የሥርዓቱን ምክር አልቀበልም ማለት እንደሚችልና ምክንያቱም እንደሚመዘገብ፤ ያ መዝገብ ለሥርዓቱ ትልቁ ትምህርት ነውና። ክፍያው ደግሞ በተገጠመ መሣሪያ ብዛት መሆኑ ቀርቶ በሙከራው መስመር ላይ በተመዘገበው የጥበቃ ጊዜ ለውጥ እንዲለቀቅ። ይህን የመጨረሻውን ለመቀበል የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የሙከራውን መስመር ከመረጣችሁ በኋላ የአንድ ሳምንት የመነሻና የመድረሻ ሰዓት መዝገብ፣ የሹፌር ስምና ታርጋ ተሰርዞ፣ እዚሁ ቢያስቀምጡልኝ ክፍተቱንና የጥበቃ ጊዜውን እንዴት እንደምታሰሉት በራሳችሁ ቁጥር ሠርቼ አሳያችኋለሁ።